የሚቈጠረውና የሚኖረው፤ ፌኖሜኖሎጂ ለትምህርት ጥናት ያለው ጥቅምና ወሰኑ

መግቢያ

ፌኖሜኖሎጂ የሚለው ቃል በትምህርት ምርምር ሥራዎች ውስጥ በብዛት የሚጠቀስ የጥናት ስልት መጠሪያ ሆኗል። አንድ አጥኚ ጥቂት መምህራንን፣ ተማሪዎችን ወይም ወላጆችን አነጋግሮ የሰጡትን መልስ በየርእሱ ሲያደራጅ፣ ሥራውን በዚህ ስም መጥራቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ የቃለ መጠይቅ ሌላ መጠሪያ አይደለም። ፌኖሜኖሎጂ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው፣ የሃያኛውን ምእት ዓመት ፍልስፍና አቅጣጫ ያስለወጠ የአስተሳሰብ ሥርዐት ነው። በአማርኛ «ሥነ ክሥተት» ብሎ መተርጐም ይቻላል፤ ይኸውም ነገሮች ለሰው ኅሊና የሚገለጡበትን አኳኋን የሚመረምር ጥናት ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የፍልስፍናው መሠረታዊ አሳቦችና በዘመናዊው ፍልስፍና ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ ባጭሩ ከተገለጡ በኋላ፣ ለኢትዮጵያ የትምህርት ሥራ ምን ያህል እንደሚበጅና ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ይመረመራል። የሚደገፈውም አሳብ ይህ ነው፤ ፌኖሜኖሎጂ ቈጠራንና ልክን ለመተካት የመጣ ስልት አይደለም፤ የሚቈጠረው ነገር በሚኖሩት ሰዎች ዘንድ ምን እንደሆነ አስቀድሞ የሚጠይቅ ነው። ይህን ጥያቄ የዘለለ ዕቅድ፣ ቍጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ሊሳሳት ይችላል።

፩. የዐባይ ሸለቆ እንደ ምሳሌ

ረቂቁን አሳብ በሚታይ ነገር መጀመር ለመረዳት ያመቻል። የደጀን ከተማ በምሥራቅ ጎጃም፣ በዐባይ ሸለቆ ሰሜናዊ አፋፍ አካባቢ ትገኛለች። በደቡብ በኩል፣ ከሸለቆው ማዶ፣ ጎሐ ጽዮን አለች። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው አውራ ጎዳና 40 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተውን ድልድይ ከተሻገረ በኋላም መልሶ ሽቅብ ይወጣል።

ይህ ሸለቆ ለሁሉ አንድ ነው፤ ለሁሉ የሚገለጠው ግን በአንድ መልክ አይደለም። ለመንገድ መሐንዲስ የተዳፋቱ መጠንና የሚንሸራተተው አፈር ነው። ለከባድ መኪና ሹፌር የፍሬኑ ጥንካሬ የሚፈተንበት ቁልቁለት ነው። ከአፋፉ በታች ባለ ቆላ ቀበሌ ተወልዶ በደጋው ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ለሚወጣ ልጅ ደግሞ ጧት ዳገት፣ ከቀትር በኋላ ቁልቁለት ነው። በካርታ ላይ የመሄጃውና የመመለሻው ርቀት እኩል ነው። ለልጁ ግን ጧት በባዶ ሆድ የሚወጣው መንገድና ከትምህርት በኋላ ወደ ቤቱ የሚወርደው መንገድ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ በክረምት ጭቃና በበጋ አቧራ ደግሞ አራት ይሆናሉ።

ለዚህ አንዳንዶች የሚሰጡት መልስ እንዲህ የሚል ነው፤ «እውነተኛው ርቀት በሜትር የተለካው ነው፤ የቀረው የልጁ ስሜት ነው።» የፌኖሜኖሎጂ ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ስሜት በእውነተኛው ርቀት ላይ በኋላ የተቀባ ቀለም አይደለም። በመጀመሪያ የነበረው የሚወጣውና የሚወረደው መንገድ ነው፤ የሜትሩ ልክ ከዚያ የተገኘው ድካሙን፣ ወቅቱንና የተጓዡን ማንነት ሆን ብሎ በመተው ነው። መተዉ ስሕተት አይደለም፤ ያለ እርሱ ድልድይ አይሠራም። ስሕተቱ አንድ ነገር መተዉን መርሳት ነው።

፪. መሠረታዊዎቹ አሳቦች

የፌኖሜኖሎጂ መሥራች ኤድሙንድ ሁሰርል (እ.ኤ.አ. 1859–1938) የቍጥር ጠላት አልነበረም። እንዲያውም የከፍተኛ ትምህርቱን ያጠናቀቀው በሒሳብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1891 ያሳተመው የመጀመሪያው መጽሐፉም የሒሳብን ፍልስፍና የሚመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 እና በ1901 ባወጣው «ሎጂካዊ ምርምሮች» በተባለው ሥራው፣ የሎጂክን ሕግጋት የሰው አእምሮ ልማድ ብቻ አድርገው የሚተረጕሙትን ወገኖች ተቃወመ። ስለሆነም ፌኖሜኖሎጂን «ለእያንዳንዱ ሰው እንደሚመስለው» የሚል ትምህርት አድርጎ መቍጠር ከመነሻው ጋር የሚጻረር ነው።

የሁሰርልን ትምህርት ለመረዳት አራት አሳቦችን መያዝ ይበቃል። የመጀመሪያው ከመምህሩ ከፍራንዝ ብሬንታኖ የወረሰው የኅሊና አተኳሪነት ነው። ኅሊና ዕቃ እንደሚጠራቀምበት ጎታ አይደለም፤ ምን ጊዜም የአንድ ነገር ኅሊና ነው። የሚያይ ሰው አንድ ነገር ያያል፣ የሚፈራ አንድ ነገር ይፈራል፣ ተስፋ የሚያደርግም አንድ ነገር ተስፋ ያደርጋል።

ሁለተኛው ፍርድን ማቆየት ነው። ይኸውም አጥኚው ስለ ነገሩ ያለውን ዝግጁ ማብራሪያ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ፣ ነገሩ እንዴት እንደሚገለጥ በትዕግሥት መግለጥ ማለት ነው። ማብራሪያውን ሐሰት ነው አይልም፤ ብቻ አይጠቀምበትም።

ሦስተኛው የገጽታና የአድማስ አሳብ ነው። ማንም ሰው አንድን ቤት ከሁሉም አቅጣጫ ባንድ ጊዜ አያይም፤ ሁልጊዜ የሚያየው አንድ ገጽታ ነው። ነገር ግን የሚያየው «ገጽታ» ሳይሆን ቤቱን ነው፤ ያልታየው ጀርባ በአድማስነት አብሮ ይኖራልና። ከዚህም የተነሣ አንድ ነገር ለሁለት ሰዎች በሁለት ገጽታ መታየቱ ነገሩ ሁለት መሆኑን ወይም አለመኖሩን አያመለክትም።

አራተኛው የኑሮ ዓለም የሚለው ነው። ሁሰርል በዕድሜው መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ከፊሉን ባሳተመው ስለ አውሮፓ ሳይንሶች ቀውስ በሚናገር ሥራው፣ ከጋሊሌዮ ወዲህ ተፈጥሮ በሒሳብ ቋንቋ መተርጐሟ ታላቅ ድል ቢሆንም፣ ሳይንስ የበቀለበት የዕለት ተዕለት ኑሮ እንዲረሳ ማድረጉን አመለከተ። ሳይንቲስቱ ራሱ መሣሪያውን የሚያነበው፣ ከባልደረባው ጋር የሚነጋገረው፣ ሥራውንም የሚጀምረው በዚሁ የኑሮ ዓለም ውስጥ ሆኖ ነው።

፫. በዘመናዊው ፍልስፍና ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ

ከሁሰርል በኋላ የተነሡት ታላላቅ አሳቢዎች አብዛኛዎቹ ከእርሱ የተማሩና ከእርሱ የተለዩ ናቸው። ማርቲን ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1927 ባወጣው «ህልውናና ጊዜ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ሰው ዓለምን ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ተመልካች ሳይሆን አስቀድሞ በሥራና በጭንቅ ውስጥ የተገኘ ፍጡር መሆኑን አስረዳ። መዶሻ መጀመሪያ የሚታወቀው በመዶሻነቱ፣ በሚመታበት ጊዜ ነው፤ ክብደቱና ቅርጹ የሚጤነው ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ነው። ዣን ፖል ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1943 የነጻነትን ጥያቄ፣ ሞሪስ መርሎ ፖንቲ እ.ኤ.አ. በ1945 የአካልን ነገር በዚሁ መንገድ መረመሩ። ለመርሎ ፖንቲ የሰው አካል ከዕቃዎች መካከል አንዱ ዕቃ አይደለም፤ ዓለም ለሰው የምትከፈትበት በር ነው። ሃንስ ጌዮርግ ጋዳመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ትርጓሜ በጻፈው ታላቅ ሥራ፣ ማንኛውም አንባቢ ከታሪኩና ከወረሰው ልማድ ተነሥቶ እንደሚተረጕም አሳየ። ፍራንዝ ፋኖን እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉም ጥቁር ሰው በነጭ ዐይን ሲታይ የሚኖረውን ኑሮ በመግለጥ፣ ስልቱ ለተጨቈኑ ወገኖች ድምፅ ሊሆን እንደሚችል አስመሰከረ።

የዚህ ፍልስፍና ታሪክ ግን ነቀፋ የሌለበት አይደለም። ሃይደገር እ.ኤ.አ. በ1933 የናዚ ፓርቲ አባልና የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ኀላፊ ሆነ፤ ከአይሁድ የተወለደው መምህሩ ሁሰርል ግን በዚያው ዘመን ከዩኒቨርሲቲው ተገለለ። የሰውን ኑሮ ጠልቆ መግለጥ ለሰው ሕይወት ተቈርቋሪ ለመሆን ዋስትና እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል። ሁሰርልም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1935 በቪየና ባሰማው ንግግር የፍልስፍናን መንፈስ የአውሮፓ ልዩ ርስት አድርጎ አቅርቧል። ስለ ሰው ልጅ ሁሉ የሚናገር ስልት የሌላውን ሕዝብ የኑሮ ዓለም ከበር ውጭ ማቆሙ ከባድ ጕድለት ነው።

፬. ከኢትዮጵያ ባህልና አሳቢዎች ጋር ሲነጻጸር

የፌኖሜኖሎጂ ነገር ሲነሣ «ይህማ በቅኔያችን ሰምና ወርቅ ውስጥ ያለ ነው» የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። ጎጃም ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሳሰሉ ስመ ጥር የቅኔ ጉባኤያት የነበሩበት አገር ስለሆነ፣ ይህ ንጽጽር በተለይ በዚያ አካባቢ ለሚያስተምሩ መምህራን የሚስብ ነው። ሆኖም በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል።

በሰምና ወርቅ፣ ሰሙ የወርቁ መሸፈኛ ነው። ባለቅኔው ምሥጢሩን ሆን ብሎ ይሰውራል፤ ሰሚው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣል። ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ የሚደነቅ እንጂ የሚታመን አይደለም። ለሁሰርል ግን የሚታየው የእውነተኛው ነገር መሸፈኛ አይደለም፤ ነገሩ ራሱ የሚገለጥበት ገጽታ ነው። ከክሥተቱ በስተጀርባ የተደበቀ ሌላ ወርቅ አይፈለግም። ስለሆነም ሁለቱን አንድ ማድረግ ቅኔንም ፍልስፍናንም ማሳሳት ይሆናል።

የሚሻለው ንጽጽር የሚገኘው ከመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ነው። መምህሩ አንዱን ኀይለ ቃል ካነበበ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን ፍች ሲጨምር፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ሁለቱም በጉባኤው ፊት ቆመው ይቈያሉ። ይህ አሠራር ትርጓሜ ከትውልድ በተወረሰ ሥርዐት ውስጥ እንደሚከናወን ከሚያስተምረው ከጋዳመር አሳብ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱም መሸሸግ የለበትም። አንድምታ በሃይማኖት ላይ የጸናና ለተቀደሰ ቃል የሚታዘዝ ነው፤ የሁሰርል መንገድ ደግሞ ማንኛውንም አስቀድሞ የተሰጠ እምነት ለጊዜው ማቆየትን ይጠይቃል። ዝምድናው አንድ ነገር ከአንድ በላይ በሆነ መልክ ሊገለጥ እንደሚችል በመቀበልና ይህንንም በሥርዐት በማስተማር ላይ ነው።

በዘመናችን ከአፍሪካ ቀንድ የተነሡ ሁለት አሳቢዎች ለዚህ ጉዳይ ቅርብ የሆነ ሥራ አበርክተዋል። ኤርትራዊው ፀናይ ሰረቀብርሃን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው የአፍሪካ ፍልስፍናን የትርጓሜ መንገድ በሚመለከት መጽሐፉ፣ ከሃይደገርና ከጋዳመር የወሰደውን አሳብ ከፋኖንና ከአሚልካር ካብራል ትምህርት ጋር አገናኝቷል። በእርሱ አመለካከት አፍሪካዊ አሳቢ መነሻ ማድረግ የሚገባው አፍሪካ ከቅኝ አገዛዝ በኋላ የምትገኝበትን ሁኔታ ነው። የመጽሐፉ ብርታት የአውሮፓን ስልት ሳይሰግድለት መጠቀሙ ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ግን አንድ ጥያቄ ይተውለታል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጠላት ወረራ በቀር በቅኝ አገዛዝ ሥር ያልኖረ፣ ሆኖም የትምህርት ቤቱን ቅርጽና የከፍተኛ ትምህርቱን ቋንቋ ከውጭ የተቀበለ ሕዝብ ሁኔታ በዚህ መለኪያ ሙሉ በሙሉ አይያዝም።

ይህን ክፍተት በሌላ አቅጣጫ የሚነካው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ፍልስፍና ያስተማረው መሳይ ከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣውና እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1974 የነበረውን የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ በመረመረበት መጽሐፍ፣ ዘመናዊው ትምህርት ወጣቱን ከባህሉ በመንቀሉ ለአክራሪ አስተሳሰብ እንዳመቻቸው ይከራከራል። መሳይ በጥብቅ ትርጉሙ ፌኖሜኖሎጂስት አይባልም፤ ጥያቄው ግን የኑሮ ዓለም ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪው ያደገበትን ዓለም እንደሌለ ቢቈጥረው ምን ይከተላል? ይህ ጥያቄ ለመምህራን ከፍተኛ ዋጋ አለው። መልሱ ብቻውን ከተወሰደ ግን ሚዛኑን ሊስት ይችላል። ተማሪው ስለ ጭሰኛው ሲጮኽ የነበረው ከባህሉ ስለተነቀለ ብቻ አልነበረም፤ ብዙዎቹ የጭሰኛውን ኑሮ በዐይናቸው አይተውት ያደጉ ነበሩ። በኑሮ ልምድ ላይ የቆመ ምርመራ ሁለቱንም ወገን መግለጥ ይኖርበታል።

፭. «አራት ዓመት» በሁለት ገጽታ፤ የ1964ቱ ጥናት

ይህ ሁሉ ለትምህርት ዕቅድ ምን እንደሚያመለክት ከኢትዮጵያ ታሪክ አንድ ጉዳይ ወስዶ ማየት ይጠቅማል። በ1964 ዓ.ም. የአገሪቱን የትምህርት ሥርዐት በሙሉ የሚመረምር፣ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የተባለ ጥናት ተካሄደ። ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች ተካፍለውበታል። የጥናቱ መነሻ የሚናቅ አልነበረም። በጊዜው የነበረው ትምህርት ወጪው ብዙ፣ የሚደርሰው ግን ለጥቂቶች ነበር፤ በተለይ የገጠሩ ሕፃን ከትምህርት ገበታ ውጭ ነበር። ስለዚህ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው ዕድገት ግን እንዲገደብ አሳብ ቀረበ።

መምህራንና ወላጆች ይህን በብርቱ ተቃወሙ። ከደመወዝና ከሥራ ሁኔታ ቅሬታ ጋር ተዳምሮ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ወር ከታክሲ ነጂዎች አድማና ከሌሎች እንቅስቃሴዎች ጋር ተያይዞ ለአብዮቱ መፈንዳት አንዱ ምክንያት ሆነ። መንግሥትም ጥናቱን ሥራ ላይ ከማዋል ታቀበ።

በፌኖሜኖሎጂ መንገድ ሲታይ «አራት ዓመት» የሚለው አንድ ነገር በሁለት ገጽታ ተገለጠ። ከጠረጴዛው ጀርባ ላለው ዐቃጅ፣ ተዘግቶ የኖረ በር ለሚሊዮኖች ሲከፈት ነበር። ለገበሬው ወላጅ ግን ተከፍቶ የነበረ ጠባብ በር ሲዘጋ ታየው። ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን ወላጅ ዘንድ ፊደል የሚቈጠርበት ስፍራ ብቻ አልነበረም፤ ልጅ ከሞፈርና ቀንበር ተላቆ ወደ መንግሥት ሥራ የሚወጣበት መሰላል ነበር። መሰላሉ ከአራተኛው ርካብ ላይ ከተቈረጠ የቀረው እንጨት ምን ያደርጋል? የዐቃጁ ስሌት ስለ ክፍሎችና ስለ ወጪ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተሰላው ነገር ለሚኖሩት ሰዎች ምን እንደሆነ ግን አስቀድሞ አልተጠየቀም። ጥናቱ ለሕዝብ ሳይገለጥ መቈየቱም ሁለቱ ገጽታዎች በውይይት እንዳይገናኙ አደረገ።

ከዚህ ላይ ወላጆች በሁሉም ነገር ትክክል ነበሩ፣ ዐቃጆቹም በሁሉም ነገር ተሳስተው ነበር ወደሚል ድምዳሜ መሄድ አይገባም። መሰላሉን ከጫፉ ያደረሱት ልጆች ጥቂቶች ነበሩ፤ የወላጁ ተስፋ ራሱ ሊመረመር የሚገባው ነበር። የፌኖሜኖሎጂ ተግባር የአንዱን ወገን አስተያየት ማጽደቅ ሳይሆን፣ ክርክሩ ስለ ምን እንደሆነ ግልጽ ማድረግ ነው።

፮. በክፍል ውስጥና በመዝገብ ላይ

ለመምህር ይህ አስተሳሰብ የሚጠቅምበትን አንድ ምሳሌ ከፊዚክስ መውሰድ ይቻላል። በፊዚክስ ትርጓሜ፣ ባለበት ቆሞ እንስራ የተሸከመ ሰው በእንስራው ላይ ሥራ አልሠራም፤ ኀይል ቢያደርግም የተሸከመው ነገር ከቦታው አልተነሣምና። ውሃ ስትቀዳ ላደገች ልጅ ግን ይህ ቀልድ ይመስላል። ጫንቃዋና ወገቧ ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። መምህሩ «የምታስቢው ስሕተት ነው» ብሎ ካለፈ፣ ልጅቱ ቀመሩን ለፈተና ትሸመድዳለች፤ የምታውቀውንም ዓለም ከደጅ ትታ ትገባለች። ነገር ግን «ሥራ» የሚለው ቃል በኑሮ ምን እንደሚይዝ አስቀድሞ አስገልጦ፣ ፊዚክስ ከዚያ ውስጥ ኀይልንና ርቀትን ብቻ ለይቶ ድካሙን ሆን ብሎ እንደተወው ካሳየ፣ ልጅቱ ሳይንስ ከየት እንደሚጀምር ትረዳለች። የሁሰርል የጋሊሌዮ ትችት በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሊተገበር የሚችል ነው።

ለዐቃጅ የሚሆነው ምሳሌ ደግሞ ከመዝገብ ይገኛል። በደጋው ጎጃም በኅዳርና በታኅሣሥ የጤፍ አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ከክፍል የሚቀር ልጅ እንዳለ ይታሰብ። ቀሪው ሲበዛ መዝገቡ «አቋርጧል» ይላል። ልጁ ግን ትምህርት ማቋረጡን አያውቅም፤ ራሱን የሚያየው በአጨዳ ላይ እንዳለ ተማሪ ነው፤ እህሉ ከጎተራ ሲገባ ለመመለስ ያስባል። ሲመለስ ስሙ ተሰርዞ ካገኘው፣ ማቋረጥ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ቍጥሩ ያለውን ነገር መመዝገቡ ብቻ ሳይሆን፣ የሌለውን ነገር እንዲኖር እስከ ማድረግ ይደርሳል። ስለዚህ «ስንት አቋረጡ?» ከማለት በፊት «ማቋረጥ የሚባለው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርፍ ፍልስፍና ሳይሆን የዕቅዱ አካል ነው።

፯. የስልቱ ወሰን

ስልቱ ሊሠራው የማይችለውንም ማመልከት ተገቢ ነው። አንደኛ፣ የሚኖረውን መግለጥ ምክንያቱን መግለጥ አይደለም። ልጁ ዳገቱን እንዴት እንደሚወጣው ማወቅ፣ ትምህርት ቤቱ ለምን በደጋው ላይ ብቻ እንደተሠራ አያስረዳም፤ ለዚህ የበጀትን፣ የመሬትንና የሥልጣንን ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ሰው የራሱን ኑሮ ስለኖረው ብቻ በትክክል ያውቀዋል ማለት አይደለም። ልማድ የሸፈነው፣ ፍርሀት ያስረሳው ብዙ ነገር አለ። ሦስተኛ፣ የጥቂት ሰዎች ልምድ የቱንም ያህል ጥልቅ ሆኖ ቢገለጥ፣ በአንድ ወረዳ ስንት ክፍል እንደሚያስፈልግ አይነግርም።

ከዚህ የተነሣ በፌኖሜኖሎጂ ስም የሚቀርብ የትምህርት ጥናት በሦስት ጥያቄዎች ቢመዘን ይበጃል። አጥኚው አስቀድሞ ይዞት የመጣውን ማብራሪያ በግልጽ ለይቶ አስቀምጧልን? ያቀረበው የአስተያየቶች ዝርዝር ነው ወይስ ልምዱ ራሱ የተዋቀረበትን አኳኋን የሚያሳይ መግለጫ? መግለጫውስ ለሌሎች፣ ያንኑ ኑሮ ለሚኖሩ ሰዎች ቀርቦ ተመርምሯልን? እነዚህን የማይመልስ ሥራ ጥሩ ቃለ መጠይቅ ሊሆን ይችላል፤ ስሙን ግን በተውሶ የያዘ ነው።

ማጠቃለያ

ፌኖሜኖሎጂ ለኢትዮጵያ መምህርና ዐቃጅ የሚያቀርበው አዲስ ስም ሳይሆን አንድ ዲሲፕሊን ነው፤ ይኸውም ከማብራራት በፊት በትዕግሥት መግለጥ፣ ከመቍጠር በፊት የሚቈጠረውን ማወቅ ነው። ይህን ለማድረግ ባህሉን ከአውሮፓ ፍልስፍና ጋር አንድ ነው ማለት አያስፈልግም፤ የውጭ ነው ብሎ መግፋትም አይጠቅምም። የ1964ቱ ጥናት ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ የትምህርት ዕቅድ ሲወጣ ከሠንጠረዡ ጎን ወላጁ፣ መምህሩና ተማሪው ነገሩን እንዴት እንደሚያዩት የሚያሳይ መግለጫ ባይኖር፣ ጥያቄው በኋላ በአደባባይ መነሣቱ አይቀርም። መግለጫው ቀድሞ ቢዘጋጅ፣ ሁለቱ ገጽታዎች ገና ሊታረም በሚችል ረቂቅ ላይ ይገናኛሉ።